የብሪታኒያ ሕዝብ በትልልቆቹ ፓርቲዎች ለምን ተሰላቸ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በብሪታኒያ በምንኖር ኢትዮጵያውያን መካከል በቡና ላይ፣ በለቅሶ ቤትና ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ደጋግመው የሚነሡ ጥያቄዎች ናቸው፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች» የሚባሉት እነማን ናቸው?

ወግ አጥባቂው ፓርቲና ሌበር ፓርቲ ናቸው። የመጀመሪያውን ሰዉ በአጭሩ «ቶሪ» ይለዋል፤ ሁለተኛውን የቀድሞዎቹ የአማርኛ ጋዜጦች «የሠራተኛ ፓርቲ» ይሉት ነበር። ከ1920ዎቹ ወዲህ ሥልጣን በእነዚህ በሁለቱ መካከል ሲመላለስ ኖሯል። ከእነሱ ጀርባ ሊበራል ዴሞክራቶች፣ ሪፎርም ዩኬ፣ ግሪን ፓርቲ፣ በስኮትላንድ ኤስኤንፒ (የስኮትላንድ ብሔራዊ ፓርቲ)፣ በዌልስ ደግሞ ፕላይድ ካምሪ አሉ። ሰሜን አየርላንድ የራሷ ፓርቲዎች ስላሏት እዚህ አንገባበትም።

እንግሊዞች ድሮም በመንግሥት ያማርራሉ። አሁን ምን አዲስ ነገር መጣ?

ማማረሩ አዲስ አይደለም። አዲሱ ነገር፣ ዓመቱን ሙሉ ሲያማርር ቆይቶ በምርጫው ቀን ለዚያው ለለመደው ፓርቲ ምልክት ያደርግ የነበረው ሰው መጥፋቱ ነው። በ1951 ምርጫ ከመቶ መራጭ 97 ያህሉ ድምፁን የሰጠው ከሁለቱ ለአንዱ ነበር። በሐምሌ 2024 ሁለቱ ተደምረው ያገኙት 57 በመቶ ገደማ ነው። በ1951 ከመቶ ሰው 82 ወጥቶ መርጦ ነበር፤ በ2024 የወጣው 60 ያህል ነው።

የአባላቱ ቁጥር ደግሞ ከዚህ የባሰ ነገር ይናገራል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ወግ አጥባቂው ፓርቲ ወደ 2.8 ሚሊዮን አባላት ነበሩት፤ በ2024 መሪ ሲመርጥ ድምፅ መስጠት የሚችሉት አባላት 131,680 ብቻ ነበሩ። ያን ጊዜ ፓርቲ ማለት እንደ እኛ እድር ያለ ነገር ነበር። ሰዉ የሚጨፍርበት፣ ሻይ የሚጠጣበት፣ ልጁን የሚድርበት ክበብ ነበረው። ያ ማኅበራዊ ኑሮ ሲፈርስ ፓርቲው ቴሌቪዥን ላይ የሚታይ ሰው ብቻ ሆኖ ቀረ፤ ቴሌቪዥን ላይ የሚታይ ሰው ደግሞ ሲታመም አይጠይቅህም፣ ሲሞትብህ አይቀብርልህም። በ2024 ይፋ በሆነ አንድ የታወቀ የሕዝብ አስተያየት ጥናት 45 በመቶው ሰው «መንግሥታት ከፓርቲያቸው ጥቅም ይልቅ የአገርን ጥቅም ያስቀድማሉ ብዬ ከሞላ ጎደል ፈጽሞ አላምንም» ብሏል። ጥናቱ ለአሥርት ዓመታት ሲካሄድ ይህን ያህል ከፍ ብሎ አያውቅም።

መተማመኑ መሸርሸር የጀመረው መቼ ነው?

ብዙ ሰው ከኢራቅ ጦርነት ይጀምራል፤ እኔም እስማማለሁ። የካቲት 2003 ላይ በለንደን ጎዳናዎች በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው «በስማችን አይሆንም» እያለ ሰልፍ ወጣ። ከአንድ ወር በኋላ የቶኒ ብሌር የሌበር መንግሥት ወደ ጦርነቱ ገባ፤ ዋናው ተቃዋሚ የነበረው ወግ አጥባቂው ፓርቲም አብሮ እጁን አወጣ። ልብ በሉ፤ ሰልፈኛው ተናዶ ድምፁን ወደ ሌላው ትልቅ ፓርቲ ይውሰድ ቢባል ያም ለጦርነቱ የመረጠ ነበር። ከ13 ዓመት በኋላ የወጣው፣ ስለ ጦርነቱ የተደረገው ምርመራ ውጤት የሆነው የቺልኮት ሪፖርት፣ ጦርነቱ የተጀመረው ሰላማዊ አማራጮች ሳይሟጠጡ መሆኑን ገለጸ። ለሰልፈኛው ግን ይህ ዜና አልነበረም።

ከዚያ የ2009 የወጪ ቅሌት መጣ። ባንኮች በሕዝብ ገንዘብ በዳኑ ማግስት፣ የምክር ቤት አባላት ለቤት ኪራይ፣ ለሶፋና ለአትክልተኛ ያስከፈሉት ሒሳብ ጋዜጣ ላይ በየቀኑ ይወጣ ጀመር። አንዱ በኩሬው ላይ ለሚንሳፈፍ የዳክዬዎች ቤት 1,645 ፓውንድ እንዲተካለት ጠይቆ ነበር። ገንዘቡ እንኳ አልተከፈለውም፤ የዳክዬዎቹ ቤት ግን እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። በቢሊዮን የሚቆጠር የጦርነት ወጪ ለሰው ራስ አይገባም፤ የዳክዬ ቤት ግን ወዲያው ይገባል። በ2010 ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ክፍያ እንዳይጨምር እንቃወማለን ብለው ፈርመው ፎቶ የተነሡት ሊበራል ዴሞክራቶች ከቶሪ ጋር ጥምር መንግሥት መሠረቱና ጣሪያው ወደ 9,000 ፓውንድ ሲወጣ ከመሪዎቻቸው ጀምሮ ግማሽ ያህሉ ደገፉ። በ2015 ምርጫ ከ57 መቀመጫ ወደ 8 ወረዱ። «ሦስተኛ አማራጭ አለ» የሚለው ተስፋም ለረጅም ጊዜ አብሯቸው ወረደ።

በእኛ ሰፈር ግን ሰውን ክፉኛ ያስቆጣው የኮቪድ ዘመኑ ፈንጠዝያ ነው። ያን ጊዜ እኛም ለቅሶ የደረስነው በስልክ ነበር። ቀብር ላይ የሚቆመው ሰው ተቆጥሮ ነበር የሚገባው፤ ድንኳን፣ ንፍሮ፣ ተዝካር የሚባል ነገር አልነበረም። በሚያዝያ 2021 ንግሥት ኤልሳቤጥ ባለቤታቸውን ሲቀብሩ በጥቁር ጭምብል ብቻቸውን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ዓለም ሁሉ አየ። በዋዜማው ምሽት በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ሠራተኞች እየጠጡ ሲጨፍሩ እንደነበር በኋላ ታወቀ። ጽሕፈት ቤቱ ባለበት በዳውኒንግ ስትሪትና አካባቢው ስለተደረጉት ድግሶች ፖሊስ 126 የቅጣት ወረቀት ሰጠ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቦሪስ ጆንሰን ራሳቸው ከተቀጡት መካከል ነበሩ። እናቱን በመስታወት በኩል የተሰናበተ ሰው ይህን በፖለቲካ ሒሳብ አያወራርደውም።

ሕዝቡ እንዲህ ከተሰላቸ ሌበር በ2024 እንዴት በሰፊ ልዩነት አሸነፈ?

በመቀመጫ እንጂ በድምፅ በሰፊው አላሸነፈም። ከ650 መቀመጫ 411 ሲወስድ ያገኘው ድምፅ 33.7 በመቶ ነበር። ቤቱ የቀረውን መራጭ ጨምራችሁ ስታሰሉት፣ በመዝገቡ ላይ ካለው አምስት ሰው የመረጠው አንዱ ብቻ ነው። የኬር ስታርመር ሌበር ያገኘው 9.7 ሚሊዮን ድምፅ፣ የቀድሞው የፓርቲው መሪ ጄረሚ ኮርቢን በ2019 ክፉኛ ተሸነፉ በተባሉበት ምርጫ ካገኙት 10.3 ሚሊዮን እንኳ ያንሳል።

አንድ የምርጫ ክልል ላሳያችሁ። በሳውዝ ዌስት ኖርፎክ የቀድሞዋ ጠቅላይ ሚኒስትር ሊዝ ትረስ በ2019 ከ26,000 በሚበልጥ ድምፅ ልዩነት ያሸነፉበት ነው። በ2024 የሌበሩ ተወዳዳሪ 11,847፣ ትረስ 11,217፣ የሪፎርሙ ተወዳዳሪ 9,958 ድምፅ አገኙ። ሌበር ከመቶ 27 እንኳ በማይሞላ ድምፅ መቀመጫውን ወሰደ። ብዙው ሰው ሌበርን ወዶ አልነበረም፤ የቶሪ ድምፅ ለሁለት ተሰንጥቆ ነው። የድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ ደግሞ ምክንያት መጻፊያ ቦታ የለም። «እነዚያን ጠልቼ ነው» ብሎ የተደረገ ምልክትም፣ «እናንተን አምኜ ነው» ብሎ የተደረገ ምልክትም እኩል ይቆጠራሉ። አሸናፊው ግን ሁሉንም እንደ ፍቅር ነው የሚያነበው፤ ነገሩ ሁሉ የሚበላሸው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ሌበር ከገባ በኋላስ ለምን ያን ያህል ፈጥኖ ተጠላ?

ከምርጫው ሦስት ሳምንት በኋላ፣ ለጡረተኞች ለክረምት ማሞቂያ የሚሰጠውን ከ200 እስከ 300 ፓውንድ ድጎማ በጣም ድሆች ከሆኑት በስተቀር ለሌላው እንደሚያቋርጥ አስታወቀ። ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጋ አዛውንት ተነካ። ይህ በማኒፌስቶው፣ ማለትም በምርጫው ጊዜ ቃል በገባበት ሰነድ፣ ላይ አልነበረም። በዚያው ሰሞን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከአንድ ባለጸጋ የፓርቲው ደጋፊ ልብስና መነጽር በስጦታ መቀበላቸው ተሰማ። ሕግ አልጣሱም፤ ስጦታው ተመዝግቧል። ነገር ግን አያትህ ማሞቂያዋን አጥፍታ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ስትቀመጥ፣ የጠቅላይ ሚኒስትሩን መነጽር ሌላ ሰው ገዛ ሲባል ሕጉን የሚጠይቅ የለም።

በሰኔ 2025 መንግሥት ወደ ኋላ ተመልሶ ዓመታዊ ገቢያቸው ከ35,000 ፓውንድ ላልበለጠ ጡረተኞች ድጎማውን መለሰ። የሚገርመው፣ መመለሱም አልጠቀመውም፤ የተቀማው ሰው መቀማቱን አልረሳም፣ ውሳኔውን ደግፎ የተከራከረው የፓርቲው ሰው ደግሞ አፈረ። በቀጣዩ ወር በአካል ጉዳተኞች ድጎማ ላይም የራሱ የምክር ቤት አባላት አምፀውበት ዕቅዱን ለማለዘብ ተገደደ።

«ሁለቱም ያው ናቸው» የሚባለው እውነት ነው?

እውነት አይደለም፤ ግን ሰዉ ለምን እንዲህ እንደሚል ይገባኛል። ሌበር በግል ትምህርት ቤቶች ክፍያ ላይ 20 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ጣለ፣ የባቡር ድርጅቶችን ወደ መንግሥት ይዞታ መመለስ ጀመረ፣ ጥገኝነት ጠያቂዎችን ወደ ሩዋንዳ የመላኩን የቶሪዎች ዕቅድ በገባ ሰሞን ሰረዘ። ወደ ሩዋንዳ ሊጫን ለነበረ ሰው ሁለቱ ያው አይደሉም።

«ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም» እንላለን። የብሪታኒያ ነገር ግን ከጉልቻው ይልቅ የማገዶው ነው። ከ2008ቱ የባንኮች ቀውስ ወዲህ የሰዉ እውነተኛ ደመወዝ ከዋጋ ንረት ጋር እየታገለ እዚያው ሲረግጥ ኖሯል። ሆስፒታል ቀጠሮ የሚጠብቀው ወረፋ በ2023 በእንግሊዝ ብቻ ወደ 7.7 ሚሊዮን ደርሶ ነበር። ዕዳው ከብዷል፣ ሕዝቡ አርጅቷል። ሁለቱም ፓርቲዎች ደግሞ ዋና ዋናዎቹን ግብሮች አንጨምርም ብለው ይምላሉ፤ አገልግሎቱ ግን ይሻሻላል ይላሉ። ማገዶ ሳይጨመር ወጡ ቶሎ ይደርሳል እንደማለት ነው። ይህን በግልጽ ተናግሮ ምርጫ ያሸነፈ አላየሁም፤ መራጩም ከዚህ ጥፋት ነጻ አይደለም።

ሪፎርም ዩኬ ማን ነው? የሚመርጡት ሰዎች ዘረኞች ናቸው?

ቀድሞ ብሬግዚት ፓርቲ ይባል የነበረ፣ በናይጄል ፋራጅ የሚመራ ቀኝ ዘመም ፓርቲ ነው። ፋራጅ ራሳቸው ምክር ቤት የገቡት በስምንተኛው ሙከራቸው በ2024 ነው። በግንቦት 2025 ፓርቲው በእንግሊዝ የአካባቢ ምርጫ 677 መቀመጫ አግኝቶ አሥር ካውንስሎችን (የአካባቢ ምክር ቤቶችን) ተቆጣጠረ። በዚያው ቀን በራንከርንና ሄልስቢ በተደረገ የማሟያ ምርጫ፣ ሌበር ከአሥር ወር በፊት ከ14,000 በላይ በሆነ ልዩነት ያሸነፈበትን መቀመጫ በስድስት ድምፅ ነጠቀው። ስድስት ሰው ማለት አንድ የቡና ማኅበር ነው።

ስለ መራጮቹ ስጠየቅ ነገሩን ለሁለት ከፍዬ ነው የምመልሰው። የውጭ ሰው ማየት የማይፈልግ አለበት፤ እሱን አለ ማለት ግዴታችን ነው፣ አውቶቡስ ላይ ገጥሞናልና። የሚበዛው ግን የተዋሸ ሰው ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮን ከ2010 ጀምሮ የስደተኛውን ቁጥር በዓመት ወደ «አሥር ሺዎች» እናወርዳለን አሉ። ተተኪያቸው ቴሬዛ ሜይ ደገሙት። በ2016 ብዙው ሰው ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት የመረጠው ይህንኑ አምኖ ነው። እስከ 2023 አጋማሽ ባለው ዓመት፣ በቶሪዎች ዘመን፣ የገባው ከወጣው ከ900,000 በላይ በልጦ ተገኘ። እኔ ስደተኛው በመምጣቱ አልከፋኝም፣ እኔም አንዱ ነኝ። ነገር ግን «አሥር ሺዎች» ብለው ምለው ዘጠኝ መቶ ሺህ ያሳዩትን ሰው ጎረቤቴ ባያምን አልፈርድበትም። የምፈርድበት ቁጣውን ቪዛ በሰጡት ላይ ሳይሆን ቪዛውን ይዛ በመጣችው ነርስ ላይ ሲያወርድ ነው።

ከግራ በኩል ያለው ቁጣስ ወዴት ሄደ?

ተበተነ። በ2024 በጋዛ ጦርነት ላይ ሌበር በያዘው አቋም የተቆጡ መራጮች ነጻ ተወዳዳሪዎችን አስገቡ፤ ሌስተር ሳውዝ ላይ ጆናታን አሽዎርዝ የተባሉ የሌበር ከፍተኛ ሰው መቀመጫቸውን ያጡት በዚህ ነው። ከሌበር የተባረሩት ኮርቢን በኢዝሊንግተን ኖርዝ ብቻቸውን ቆመው አሸነፉ። ግሪን ፓርቲ አራት መቀመጫ አገኘ፤ በመስከረም 2025 ዛክ ፖላንስኪን መሪ ካደረገ ወዲህ ደግሞ ከሌበር የሸሸውን ወጣት በግልጽ እየጠራ ነው። በጥቅምት 2025 በዌልስ ኬርፊሊ በተደረገው የማሟያ ምርጫ ሌበር ለመቶ ዓመት ያህል የራሱ አድርጎት በኖረው ቦታ ሦስተኛ ወጣ፤ ያሸነፈው ፕላይድ ካምሪ ነው።

ጠቅላይ ሚኒስትር ሲቀየር ሕዝቡ የማይጠየቀው ለምንድን ነው?

ሕዝቡ የሚመርጠው የምርጫ ክልሉን ተወካይ እንጂ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ስላልሆነ ነው። በምክር ቤቱ አብላጫ ያለው ፓርቲ መሪውን ሲቀይር ጠቅላይ ሚኒስትሩም ይቀየራል። ሕጉ ድሮም ይኸው ነው፤ የከፋው ብዛቱ ነው። ከ2016 አጋማሽ እስከ 2024 አጋማሽ አገሪቱ ካሜሮንን፣ ሜይን፣ ጆንሰንን፣ ትረስን፣ ሱናክን፣ ስታርመርን አይታለች።

ሊዝ ትረስን የመረጧቸው 81,326 የፓርቲ አባላት ናቸው፤ አንድ ትልቅ ስታዲየም ይይዛቸዋል። መስከረም 23 ቀን 2022 መንግሥታቸው ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ያልተነገረ የግብር ቅነሳ አወጀ፤ ፓውንድ ወደቀ፣ የቤት ብድር ወለድ ናረ። አንድ ጋዜጣ ጥቅል ሰላጣ ገዝቶ ዊግ አልብሶ በቀጥታ ሥርጭት አስቀመጠና ከሰላጣውና ከትረስ የትኛው ይበልጥ እንደሚቆይ ጠየቀ። ሰላጣው አሸነፈ። ትረስ በ49ኛው ቀን ከሥልጣን ወረዱ፤ ተተኪያቸው ሪሺ ሱናክ ደግሞ ተቀናቃኝ ስላልቀረባቸው የፓርቲው ተራ አባል እንኳ ድምፅ ሳይሰጥባቸው ገቡ። ያን ጊዜ የቤት ብድራቸውን ያደሱ ወገኖች ልዩነቱን እስከ ዛሬ በየወሩ ይከፍላሉ። ሰላጣው ለእነሱ ቀልድ አይደለም።

የምርጫ ሥርዓቱ እንዲህ ካዛባ ለምን አይለውጡትም?

ለመለወጥ ሥልጣን ያለው በዚሁ ሥርዓት ያሸነፈው ስለሆነ ነው። በ2024 ሪፎርም ከ4 ሚሊዮን በላይ ድምፅ አግኝቶ አምስት መቀመጫ ሲደርሰው፣ ሊበራል ዴሞክራቶች በ3.5 ሚሊዮን ድምፅ 72 ወሰዱ። ለሌበር አንድ መቀመጫ 24,000 ድምፅ ገደማ ሲያስፈልግ ለሪፎርም ከ800,000 በላይ አስፈልጓል። የእኛም አገር ሕገ መንግሥት የያዘው ይህንኑ የአብላጫ ድምፅ ሥርዓት ስለሆነ ለአማርኛ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንም፤ በአንድ ድምፅ የበለጠ ሁሉን ይወስዳል።

በ2011 በሕዝበ ውሳኔ አንድ ጊዜ ተሞክሮ ነበር። የቀረበው ተመጣጣኝ ውክልና (መቀመጫን በድምፅ ድርሻ ልክ ማከፋፈል) ሳይሆን ተወዳዳሪዎችን በቅደም ተከተል መምረጥ ነው፤ ለለውጡ የሚከራከሩትም ራሳቸው በግማሽ ልብ ነበሩ። 68 በመቶው «አይሆንም» አለ። በ2022 የሌበር ጉባኤ ለተመጣጣኝ ውክልና ድምፅ ሰጠ፤ አመራሩ ግን ማኒፌስቶው ውስጥ አላስገባውም። ሪፎርምም ቢሆን ለዓመታት ሥርዓቱን ሲኮንን ኖሯል። በሠላሳ በመቶ ድምፅ መንግሥት መመሥረት የሚችልበት ቀን ከመጣ መኮነኑን ይቀጥል እንደሆን እናያለን።

ሁሉንም ብጠላስ? ቤቴ ልቅር ወይስ ባዶ ወረቀት ላስገባ?

የብሪታኒያ ወረቀት ላይ «ማንንም አልመርጥም» የሚል ሣጥን የለም። ቤትህ ብትቀር እንደ ሰነፍ ትቆጠራለህ። ሄደህ ወረቀቱን ብታበላሽ ግን ውድቅ ከሆኑት ጋር ይቆጠራል፤ ቁጥሩም ይነገራል። አጠራጣሪ ወረቀት ሲገኝ ደግሞ ተወዳዳሪዎቹ ወይም ወኪሎቻቸው ዙሪያውን ቆመው ያዩታል፤ ስለዚህ ስድብ ከጻፍክ የተሰደበው ሰው የማንበብ ዕድል አለው። ግን ተጠንቀቅ። በ2015 በዌልስ ሞንትጎመሪሻየር አንድ መራጭ በአንዱ ተወዳዳሪ ሣጥን ውስጥ በአማርኛ የማልጽፈውን የወንድ አካል ሥሎ ነበር። ሥዕሉ ከሣጥኑ መስመር ስላልወጣ እንደ ድጋፍ ድምፅ ተቆጠረ። ሰውየው ሲሳደብ መረጠ።

ሌላው የተቃውሞ መንገድ ቀልደኛ ተወዳዳሪን መምረጥ ነው። የቆሻሻ ቅርጫት የመሰለ ጭንብል አድርጎ የሚወዳደረው ካውንት ቢንፌስ በ2024 የለንደን ከንቲባ ምርጫ 24,260 ድምፅ አግኝቶ ብሪተን ፈርስት የተባለውን ጽንፈኛ ፓርቲ በልጧል። በሐምሌ ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ሱናክ የምርጫ ውጤታቸውን ሲሰሙ ከኋላቸው መድረኩ ላይ ቆሞ ነበር። ለምክር ቤት ለመወዳደር 500 ፓውንድ ማስያዝ ያስፈልጋል፤ ከመቶ አምስት ድምፅ ካላገኙ አይመለስም።

ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት ነው ያለኝ። መምረጥ እችላለሁ?

ለብሪታኒያ ምክር ቤት፣ ዜግነት ካልወሰድክ አትችልም። የኮመንዌልዝ አገሮች ዜጎች ይችላሉ፤ ስለዚህ ኬንያዊው ጎረቤትህ የመኖሪያ ፈቃድ እስካለው ድረስ ትናንት መጥቶም ይመርጣል፣ አንተ ሃያ ዓመት ግብር ከፍለህ ትመለከታለህ። ስኮትላንድና ዌልስ ግን ይለያሉ፤ በዚያ በሕጋዊ ፈቃድ የሚኖር ማንኛውም የውጭ ዜጋ ከ16 ዓመቱ ጀምሮ ለካውንስልና ለራሳቸው ምክር ቤት ይመርጣል። ግላስጎው ወይም ካርዲፍ ያላችሁ ይህን ሳታውቁ ዓመታት ያለፋችሁ ብዙ ናችሁ፤ ምዝገባው በኢንተርኔት ደቂቃዎች ይወስዳል።

ሁለቱም ፓርቲዎች በስደተኛ ላይ ፊታቸውን ካዞሩ እኛ ለማን እንምረጥ?

ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው። በየካቲት 2025 የቶሪዎቹ መሪ ኬሚ ባዴኖክ ቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ለማግኘት የሚጠበቀው ጊዜ ከአምስት ወደ አሥር ዓመት ይራዘም አሉ። በመስከረም ሪፎርም ቋሚ ፈቃድ የሚባለውን ነገር ጨርሶ አጠፋለሁ አለ። በኅዳር የሌበሯ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሻባና ማህሙድ መነሻውን አሥር ዓመት የሚያደርግ፣ ጥገኝነት የተሰጠውን ሰው ደግሞ በየሁለት ዓመት ተኩሉ እያስመረመረ እስከ ሃያ ዓመት የሚያስጠብቅ ዕቅድ አቀረቡ። ለዓመታት ቤተሰቡን ይዞ ሌበርን ሲመርጥ የኖረ ወገን ይህን ሲሰማ የተሰማውን ስሜት በቃል መግለጽ ይከብደኛል።

ስሌቱ ግን ግልጽ ነው። ወደ ሪፎርም የሄደውን መራጭ ለመመለስ ይሞክራሉ፤ የእኛን ድምፅ «የትም አይሄድም» ብለው ይቆጥሩታል። ስለዚህ እኔ የምመክረው ከፓርቲ ስም በፊት የምርጫ ክልልህን ቁጥር ማየት ነው፦ ባለፈው ማን አንደኛ፣ ማን ሁለተኛ ወጣ፣ በስንት ልዩነት? ተቀራራቢ ከሆነ የምትፈራውን የሚያሸንፈውን ትመርጣለህ፤ ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ልብህ የወደደውን ትመርጣለህ። ደስ የሚል ምክር አይደለም፤ ሰውን ወደዚህ ጣጣ ያስገባውም ይኸው ዓይነት አመራረጥ መሆኑን አውቃለሁ። ዜግነት ለመጠየቅ ጊዜያችሁ የደረሰ ግን ምርጫ አትጠብቁ፤ ፈቃድ ያለው የሕግ ባለሙያ አነጋግሩ።

የክልሌ ተወካይ ጎበዝ ናት፤ ፓርቲዋን ግን አልወደውም። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ተጠቀምባት። የምክር ቤት አባላት የምርጫ ክልላቸውን ነዋሪ በቀጠሮ ያነጋግራሉ፤ ልክ እንደ ሐኪም ቤቱ «ሰርጀሪ» ይሉታል። ለመሄድ መራጭ መሆን አያስፈልግም፣ ነዋሪ መሆን ይበቃል። ድሮ በር ከፍቶ መግባት ይቻል ነበር፤ በጥቅምት 2021 ሰር ዴቪድ ኤሚስ በዚሁ ዓይነት ቀጠሮ ላይ በስለት ከተገደሉ ወዲህ ብዙዎቹ አስቀድሞ መመዝገብን ይጠይቃሉ።

አንዲት ጎረቤቴ የሆኑ እናት የልጃቸው ጉዳይ በአንድ መሥሪያ ቤት ከዓመት በላይ መልስ አጥቶ ነበር። አስተርጓሚ ሆኜ አብሬያቸው ሄድኩ። ቀጠሮው በአንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ ከልጆች መጻሕፍት መደርደሪያ አጠገብ ነው። ተወካይዋ የፋይሉን ቁጥር በገዛ እጃቸው ጻፉ፣ የልጁን ስም ሁለት ጊዜ አስደግመው አጠራሩን ተለማመዱ። በአምስተኛው ሳምንት መልስ መጣ። እማማ ዳቦ ጋግረው ላኩላቸው። በምርጫው ቀን ግን ወረቀቱን ይዘው ለረጅም ጊዜ ቆሙና ሲወጡ «ለልጅቱ ብዬ እንዳልመርጥ ከስሟ ጎን የዚያ ፓርቲ ምልክት አለ፤ ለፓርቲው ብዬ እንዳልተዋት ደግሞ ስሟ አለ» አሉኝ። የቱን እንዳደረጉ አልጠየቅኋቸውም።